ዋጋ የቀነሰው ጭረት

«ይሄን የከፈተው ሠራተኛ ሳይሆን አራጅ ነው» ብሎ ጻፈ አንዱ። ሌላው ከሥሩ የሚስቅ ፊት አስቀመጠ። ሦስተኛው «በሚስማር ነው እንዴ የፈረመበት?» አለና እሱም ሳቀ። ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የማያውቁትን ሰው እጅ፣ ያውም የአባቴን እጅ፣ ስልካቸውን ይዘው ተጋድመው አራጅ የሚሉ ሰዎች! እኔ እዚህ ሮቤ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ጸጉሬ ሸብቷል፤ መሳደብ አይመጥነኝም። ግን ሰድቤያቸዋለሁ፤ ስለሱ አልጸጸትም። የምጸጸትበት ሌላ አለኝ፤ እሱ ይመጣል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአንዲት ጌም ነው። እንደ ፊት ፓውደር ዕቃ የምትታጠፍ፣ ብርቱካናማ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ላይና ታች ሁለት ትንንሽ ስክሪን ያላት የድሮ የእጅ ጌም። ከላይኛው ስክሪን ጆንያ ይወረወራል፤ ታችኛው ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ጆንያውን ይቀበልና መኪና ላይ ይጭናል። ሦስት ጆንያ ከወደቀበት አለቀ። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። አባቴ ሰውዬውን «ኩሊው» ይሉታል። ልጅ ሳለሁ ከሐጅ የተመለሱ አንድ የጎባ ነጋዴ ለልጆቻቸው ከጅዳ አምጥተዋት ነበር፤ ውስጧ የተረሳው ባትሪ አፈሰሰና ድርግም አለች። ለአባቴ ሰጧቸው። አባቴ ሦስት ቀን ታግለው ነፍስ ዘሩባት። ሐጂ ግን መልሰው ሊወስዷት አልፈለጉም፤ «ወላሂ ቤቴ ሰላም ያገኘው እሷ ከተበላሸች ወዲህ ነው፤ ልጆቹ በሷ ሲቧቀሱ ነበር የሚውሉት፤ ያንተ ትሁን» ብለው ጥለዋት ሄዱ።

አባቴ ጎባ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው ከአንድ አልጋ አትሰፋም። ጠረጴዛ፣ አንገቱን የሚያጎነብስ መብራት፣ ወረንጦ፣ የክብሪት እንጨት የሚያካክሉ ካቻቢቴዎች፣ ቀኝ ዓይናቸው ላይ የሚያጣብቋት ማጉያ መነጽር፤ ሌላ የለም። አንድ ልማድ ነበራቸው። የማንንም ሰዓት ጀርባ ሲከፍቱ፣ ከመዝጋታቸው በፊት በመርፌ ጫፍ ክዳኑ ውስጥ የዕለቱን ቀን ይጭራሉ። ባለሰዓቱ አያየውም፤ ጸጉር የምታክል ነገር ናት። ሰዓቱ ዞሮ ሲመጣ ግን አባቴ ክዳኑን ገልብጠው ያነባሉ፤ መቼ እንደከፈቱት፣ ሥራቸው ስንት ጊዜ እንደቆየ ያውቃሉ። «በገዛ እጄ ከፍቼ የዘጋሁትን ረሳሁት ልበል እንዴ?» ይሉ ነበር። ይህን ልማድ ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። እያወቅሁ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራሁት።

ሱቁ ሲቀዘቅዝ፣ ጎባ ደግሞ መቼ ሳይቀዘቅዝ ቀርቶ፣ የጌሟ ስክሪን ይሰንፋል። ኩሊው ከቆመበት ከሄደ በኋላ ጥላው ቶሎ አይጠፋም፤ ሁለት ኩሊ የቆመ ይመስላል። ያኔ አባቴ ጌሟን ብብታቸው ሥር ከትተው ጋቢያቸውን ይደርቡና «በርዶታል፤ ትንሽ ይሙቅ» ይላሉ። እኔ እየተቁነጠነጥኩ እጠብቃለሁ። ከዚያ አንድ ዙር እሳቸው፣ አንድ ዙር እኔ። ሆን ብለው ተሸንፈውልኝ አያውቁም፤ አንድም ቀን! ሲያሸንፉኝ ደግሞ ዝም ቢሉ ምናለ? «ምነው የኔ ጀግና፣ ጆንያው ከበደሽ?» እያሉ ያበሽቁኛል። ይሄን ንዴቴን ከዚያች ሱቅ ነው ያመጣሁት፤ ከሌላ ከየት አመጣዋለሁ?

ኮሌጅ ስገባ ጌሟ ከአባቴ ጋር ቀረች፤ ያኔ አንድ ወግ ለመድን። ባትሪዋ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክል ሁለት ክብ ነው። የባትሪው በር ሐጂ ቤት ሳለች ተሰብሮ አባቴ ደፍነውታል፤ ስለዚህ ባትሪ ለማስገባት አራት ብሎን ፈትቶ ጀርባዋን መክፈት ግድ ነው። እኔ ስመጣ ይከፍቱና ባትሪ ያስገባሉ፤ እንጫወታለን። ስሄድ ያወጡታል። «ባትሪ የተረሳበት ዕቃ ይበላል፤ ሐጂ ቤት የሆነችውን አይተሻል» ይላሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ ብድሬ የምትባል ሩቅ ከተማ ነበር። ከዚያ ጎባ እስክደርስ አቧራ ስቅም ነበር የምውለው፤ ቢሆንም ለዒድ፣ ለእረፍት፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች ምክንያት እመጣ ነበር። አባቴ ጌሟን ሲከፍቱ መብራቱ ላይ ይደፋሉ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ከመንገደኛው ጋር አካም ጂርታ አካም ጂርታ እየተባባልኩ ሰላምታ እለዋወጣለሁ። ምን እንደሚሠሩ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሮቤ ተዛወርኩ። ሮቤና ጎባ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሃያ ደቂቃ! ከብድሬ አቧራ ቅሜ እመጣ የነበርኩት ሴት፣ ሃያ ደቂቃ ሲሆንልኝ ቀረሁ። ቅርብ ስለሆነ መቼም ይደረሳል እያልኩ ነዋ። ቤት ሠራሁ፣ ልጅ አሳደግኩ፣ የፈተና ወረቀት አረምኩ። ለዒድ እሄዳለሁ፤ በልቼ፣ ስልኬን እያየሁ ተቀምጬ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ብዬ ብድግ፤ ጌሟ ሳትከፈት። በመሀል የአባቴ ዓይን ተዳከመ። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አሉ ሐኪሞቹ። ሱቁ ተዘጋ፤ አሁን አባቴ የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው።

አንድ ቀን «ስትመጪ ለጌሟ ሁለት ባትሪ ያዢልኝ፤ አንቺ ትጫወቻለሽ፣ እኔ ድምጿን እሰማለሁ» አሉኝ። እሺ አባ አልኩ። ረሳሁ። በሚቀጥለው ዒድ ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ፣ ረሳሁ። በሦስተኛው ሲጠይቁኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እፍረቴን ለመሸፈን «የባትሪው ልክ እንዳይሳሳት እሷኑ ልውሰዳት» አልኩ። «ዕቃዋ እዚሁ ትቀመጥ፤ ባትሪውን ብቻ አምጪ» አሉኝ። አልሰማሁም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ግቢዬ ውስጥ የሚኖር አንድ ተከራይ አለኝ፤ ከሌላ ክልል መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር፣ ትሁት ሰው። ለካ የድሮ የእጅ ጌም ሰብሳቢ ኖሯል! በረንዳዬ ላይ ጌሟን ሲያያት የያዘውን ቡና ሊደፋ ነበር። «እትዬ፣ ይቺን ከየት አመጧት? ብርቱካናማዋ እኮ አትገኝም!» አለ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ሰብሳቢዎች የሚያወሩበትን ግሩፕ አሳየኝ። አዲስ አበባም ያሉ፣ ውጭም ያሉ አበሾች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ወሬያቸው የውጭ አገር የኢንተርኔት ጨረታ ነው። የትኛዋ በስንት ተከፈተች፣ ማን አናቱ ላይ ጨመረ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ማን ነጠቀው። እኔንም አስገባኝ።

ፎቶዋን ስንልክ ግሩፑ ታመሰ። ሳጥኗ አለ? የለም። የመመሪያ ወረቀቷስ? የለም። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ? የለም። «የተጠየቀባትን ዋጋ ተዉት፤ ማንም የፈለገውን ይጠይቃል። የተሸጠችበትን እዩ» አለ አንዱ፣ እንደ ፈላስፋ። ሌላው ባለፈው ወር ጃፓን ውስጥ የተሸጠችውን አምጥቶ ለጠፈ። ተከራዬ ወደ ብር መንዝሮ ሲነግረኝ የስምንት ወር ደሞዜ ሆነ። የስምንት ወር! ለሁለት ስክሪንና ለአንድ ኩሊ!

ልዋሽ አልፈልግም፤ ልቤ ተሰለበ። የባትሪው ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። ተማሪዎቼን መልመጃ ሰጥቼ እኔ ጠረጴዛ ሥር ጨረታ አያለሁ። የማላውቃት ሰማያዊ ጌም ሰዓቷ ሊያልቅ አሥር ሰከንድ ሲቀር እኔ ሮቤ ሆኜ ልቤ ይመታል፤ ምን አገባኝ? አባቴ በዚያ ሰሞን ደውለው «ባትሪው ተገኘ?» ሲሉኝ «እየፈለግኩ ነው አባ» አልኳቸው። ባትሪው ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት፣ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበር። በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ።

ከዚያ ተከራዬ «ገዢዎቹ ውስጧን ማየት ይፈልጋሉ፤ ባትሪ አፍስሶባት ከሆነ ዋጋዋ ይወድቃል፤ ልክፈታት?» አለኝ። ክፈታት አልኩ። እኔ ነኝ ክፈታት ያልኩት።

ፎቶዎቹ ግሩፑ ላይ የወጡት ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው። በእረፍት ሰዓት ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ጭብጨባ ነበሩ። የባትሪው መቀመጫ አልዛገም፣ አንድ ነጠብጣብ የለበትም፣ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንደነበረች ናት፣ ተአምር ነው። ቀጥሎ የክዳኑን ውስጥ አዩት። አራጅ የተባለው ያኔ ነው፤ በሚስማር የተባለውም። ስምንት ወር የነበረው ዋጋ ሁለት ወር ሆኖ ቁጭ አለ፤ «ውስጧ ተጨማልቋል» ተባለ።

ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ቀን ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በመርፌ የተጫረ፣ ረድፍ በረድፍ፣ የአባቴ ቁጥር፤ ያቺ አንገቷ የሚሰበረው ሰባት ቁጥራቸው እንኳ አልጠፋችኝም። አንዱ የተመረቅኩ ሰሞን ጎባ የገባሁበት ሰኔ ነው። አንዱ የብድሬ መንገድ በዝናብ ተዘግቶ ከዒድ በማግሥቱ የደረስኩበት። እንደ ሰዓቱ ሁሉ ጌሟንም በከፈቱ ቁጥር ጭረውባታል። ጌሟን የሚከፍቱት ደግሞ እኔ ስመጣ ብቻ ነው። ወደ ታች ያሉት ጭረቶች ይጣመማሉ፤ አንዱ አንዱ ላይ ይወጣል፤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ነዋ! በሚስማር ብለው የሳቁት በነዚያ ነው።

የድምፅ መልእክት ከፈትኩና አስተማሪዎች ሁሉ እየሰሙኝ ጮህኩ። «አራጅ ያላችኋቸው ሰውዬ እናንተ ዳዴ ስትሉ የአንድ ከተማ ሰዓት በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው! አልዛገም ብላችሁ ስታጨበጭቡ ለምን እንዳልዛገ ከመሀላችሁ ማን ጠየቀ? ልጃቸው በሄደች ቁጥር ባትሪውን ስላወጡ ነው! ዕቃ እንወዳለን ትላላችሁ፤ እናንተ ዕቃ አትወዱም፤ እናንተ ሰው ያልነካው ነገር ነው የምትወዱት! ድንቄም ሰብሳቢ! ምን አባታችሁ ታውቁና!» ላክሁት። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «እትዬ፣ ለምን ይናደዳሉ? እኛ እኮ ያወራነው ስለ ዋጋ ነው» ብሎ መለሰ። ከሱ በላይ የተከራዬ መልእክት ነበር፤ በንዴት ዘልዬው ኖሮ ያኔ ነው ያነበብኩት። «ችግር የለም፤ ቀላል ነው፤ አሁኑኑ አጸዳዋለሁ» ይላል።

ደወልኩ። አያነሳም። ደወልኩ። አያነሳም። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ለማን እንደተውኩት እንኳ አላውቅም፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ «ቶሎ በልልኝ የኔ ወንድም፣ ቶሎ!» እላለሁ። ግቢ ስደርስ ተከራዬ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ውኃ የነካው ብርጭቆ ወረቀት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንስቶ አሳየኝ። «እትዬ፣ ይኸው! እንደ አዲስ ሆነ!» አለኝ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። ያበራል፣ እውነቱን ነው። ውስጡ እንደ ሻይ ሳሕን ያበራል። አንድ ጭረት የለበትም።

ምን እንዳልኩት ሁሉንም አላስታውስም። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ እስኪል ጮኼበታለሁ። የጥርስ ሳሙናውን አንስቼ ወርውሬዋለሁ። ከግቢዬ ውጣልኝ ብዬዋለሁ፤ ኋላ ግን አላስወጣሁትም። ምስኪን፣ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ «ለዋጋው ብዬ ነው እኮ እትዬ፤ ለእርስዎ ብዬ» ይላል። እኔስ ለምን ብዬ ነበር? እኔም ለዋጋው ብዬ ነው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። እሱ የማን ቁጥር እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከፊደል በፊት የማውቀው።

ክዳኑን ነጥቄው፣ መልሼ በብሎኖቹ ገጥሜ፣ ጌሟን በመሀረብ ጠቅልዬ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ገብቼ ሁለቱን ባትሪ ገዛሁ፤ ለመግዛት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሚኒባስ ያዝኩ። በሁለቱም በኩል የስንዴ ማሳ እያለፈ፣ ረዳቱ «ጎባ ጎባ» እያለ፣ እኔ ራሴን እየሰደብኩ ሃያ ደቂቃው አለቀ።

አባቴ ቤታቸው ደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። በርምጃዬ አወቁኝ። «ኮቱ፣ ነይ፣ ተቀመጪ። ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ዒድ አይደለ» አሉኝ። ሰላም ነው አልኩ። ባትሪውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጌሟን ሰጠኋቸው። ፈገግ አሉ። «አልሀምዱሊላህ፤ ካቻቢቴዬን ከመስኮቱ ላይ አቀብዪኝ፤ መርፌዬም እዚያው አለች» አሉ። እኔ ልክፈተው አልኩ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው ገፉኝ።

በጣታቸው ጫፍ ብሎኖቹን ፈልገው ፈቱ፤ አራቱንም በግራ መዳፋቸው ያዙ። ክዳኑን ገለበጡና አውራ ጣታቸውን ውስጡ ላይ አሳለፉ። ቆም አሉ። እንደገና አሳለፉ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይቺ የኛ አይደለችም።»

«የኛ ናት አባ።»

«አይደለችም አልኩሽ። ለውጠውብሻል። ለማን ነው የሰጠሻት?» ተቆጡ፤ አባቴ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ዕቃዋ ትቀመጥ ብዬሽ አልነበረም? ሰዓት ሠሪ አሳድጎሽ፣ ምልክቷን ሳታዪ ለሰው ታስረክቢያለሽ? ሱብሃነላህ!»

ነገርኳቸው። ስለ ጨረታው፣ ስለ ስምንት ወሩ፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ምንም ሳልደብቅ። አላመኑኝም። ሌባ አታልሎኝ ነገሩን ለማለሳለስ የምቀባጥር መሰላቸው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው፤ እጄ አየር ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። አባቴ ወደ ስልኩ እንኳ አልዞሩም። ያ የተሳቀበት ፎቶ ብቻ ነው የቀረን፤ እሱንም ማየት የሚችሉት የሳቁት ሰዎች ናቸው፤ የጫሩት አይችሉም።

«ላንብብልዎት» አልኩ።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። አንዱ ላይ ስደርስ «ከብድሬ በጭነት መኪና የመጣሽ ጊዜ ነው፤ ፊትሽ አቧራ ብቻ ነበር» አሉ። ቀጠልኩ። «እ፤ ያን ቀን አሸንፈሽኛል» አሉ። ቀጠልኩ። ረድፎቹ እየሳሱ መጡ፤ የአንዱ ዓመት ሦስት፣ የሌላው አንድ። የተጣመሙት ጋ ስደርስ ለማንበብ ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩ፤ አንዱን ቁጥር ስሳሳት አረሙኝ። የመጨረሻውን አነበብኩና ስልኩን አወረድኩ።

«ከዚያ ወዲህስ?» አሉኝ።

«ከዚያ ወዲህ የለም አባ።»

«ምንም?»

«ምንም። ስምንት ዓመት ሆኖታል።»

አባቴ አውራ ጣታቸውን አንድ ጊዜ ደግመው ለስላሳው ክዳን ላይ አሳለፉ።

«ልክ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከፍቻት አላውቅም። እንግዲያው የኛዋ ናት» አሉና ባትሪውን ለማስገባት ጎንበስ አሉ።